ተኝተው የማይበሉት ኪራይ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ይቆያል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቤት ኪራይ ነው። የኪራይ ነገር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የተከራይን ምሬት ነው፤ ምሬቱም እውነት ነው። ዛሬ ግን ወደ ሌላው ወገን ዞር እንበል። ያጠራቀመውን ገንዘብ ቤት ላይ አውሎ ሊያከራይ ያሰበ ሰው፣ ወይም ቤት ወርሶ ሳያስበው አከራይ የሆነ ሰው ምን እንደሚጠብቀው እንነጋገራለን። ተከራይ የሆናችሁም ሬዲዮናችሁን አትዝጉ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ የአንዱ ችግር የሌላውን በር ሳያንኳኳ አያልፍም።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

ከእናቴ የወረስኩት ግቢ ኮልፌ ነው። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጀርባው በተርታ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። እናቴ ክፍሎቹን የሠራቻቸው በዕቁብ ነው። ዕቁብ በወጣላት ቁጥር ግቢው ላይ አንድ ክፍል ይጨመራል። በልጅነቴ ኪራይ ማለት፣ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ተከራዮቹ ብቅ ብለው በእናቴ እጅ የሚያኖሩት ብር ነበር። የሚገባውን አያለሁ፤ የሚወጣውን አላይም።

ግቢው በእኔ እጅ በገባ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሦስተኛው ክፍል የምትኖረው ልጅ ናት። «እትዬ ይቅርታ፣ አልጋው ላይ እየወረደ ነው» አለችኝ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ኮርኒሱ ውኃ አዝሎ እንደ እርጥብ ሊጥ ተንጠልጥሏል። እሷ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፍራሹን ግድግዳ አስደግፋ፣ ባልዲ አጠገብ ቆማለች። የቆርቆሮው ምስማር ዙሪያውን ዝጎ ኖሯል። ጥቅምት ላይ ወይም ሚያዝያ ላይ ባየው ኖሮ አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይጨርሰው ነበር። በሐምሌ ግን ኮርኒሱ ተበላሽቷል፣ ፍራሹ ረጥቧል፣ ሠራተኛውም ዝናብ ካላባራ ጣሪያ ላይ አይወጣም። የዚያን ወር ኪራይ አልተቀበልኳትም፤ መቀበልም አይገባኝም ነበር። ቤት ማከራየት ሥራ መሆኑ የገባኝ ያን ሌሊት ነው። የጊዜ ሰሌዳ ያለው፣ መዝገብ የሚፈልግ፣ ገንዘብ የሚቀመጥለት ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንገባበት ተኝተን የምንበላው መስሎን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳስበው፣ በአዲስ አበባ ማከራየት የተቋረጠ ዕውቀት ሆኖ አገኘዋለሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ቀረለት፤ ሌላው ተወረሰ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ያን ዘመን ያየ ሰው ይህን አይክድም። ሆኖም ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ቆመ። ከኪራዩ ለጥገና የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ዛሬ የቀበሌ ቤት ሲባል በዓይናችን ላይ የሚመጣው የዘመመ የጭቃ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ በአመዛኙ የዚያ ውጤት ነው። እዚህ ላይ ጣቴን የምቀስረው በማንም ላይ አይደለም። የጥገና ገንዘብ የሌለበት ኪራይ፣ አከራዩ መንግሥትም ይሁን የእኔ እናት፣ መጨረሻው አንድ ነው።

ከዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ዘመን መጣ። ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ሰዎች የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ መቻል አልሆነላቸውም። ቤቱን እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይፈቀድም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ስለዚህ እነሱ ራሳቸው ርካሽ ክፍል ተከራይተው፣ ወይም ከቤተሰብ ተጠግተው፣ ዕጣ የወጣላቸውን ቤት በጀሞ፣ በሰሚት፣ በጎሮ አከራዩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከተማችን እጅግ ብዙ ሰው፣ ሳያቅድና ሳይማር፣ አከራይ ሆነ። የጎደለው ቅንነት አይደለም፤ ሒሳቡ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ያዙ። ለምሳሌ ያህል የምናስበው ቤት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ዋጋው 5 ሚሊዮን ብር፣ ኪራዩ በወር 20,000 ብር እንበል። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመቸን ነው፤ በየሰፈሩ ይለያያል። በ12 ወር 240,000 ብር ይሆናል። ጳጉሜን በአብዛኛው ቤት አይከፈልባትም፤ ዝናቡ ግን ጳጉሜንም ይዘንባል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። «240,000 ይገባልኛል» ብሎ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይቆርጥበታል። እኛ ግን እንቀጥል። ተከራይ ሲለቅና ሌላ ሲገባ መካከል ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ለዚያ የአንድ ወር ኪራይ፣ 20,000፣ እንቀንስ። ቀለም፣ የተሰበረ የበር እጀታ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የደላላ ክፍያ፣ ለዚህ ሁሉ 22,000 እንያዝ። ከዚያ በየወሩ 1,000 ብር ለማይታወቀው ነገር እናስቀምጥ፤ 12,000 ነው። የቀረው 186,000 ብር ነው። ግብር ገና አልነካነውም። 186,000 ለ5 ሚሊዮን ሲካፈል በዓመት 4 በመቶ እንኳን አይሞላም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። ያ 5 ሚሊዮን ባንክ ቢተኛ በዓመት 350,000 ብር ወለድ ይወልዳል ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ብር ዋጋው ሲወርድ አይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ያለ ብር ቁጥሩ ይጨምራል፣ የሚገዛው ነገር ግን ያንሳል፤ ቤት ግን ከዋጋ ጋር አብሮ ይወጣል ብሎ ያስባል። አስተሳሰቡ መሠረት አለው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን ስንቀላቅል ነው። የቤቱ ዋጋ ማደግ አንድ ነገር ነው፤ የምታገኙት ስትሸጡ ነው። ኪራዩ ሌላ ነገር ነው፤ በየወሩ የሚገባና በየወሩ የሚወጣ ነው። ቤታችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ በሚሊዮን ቢጨምርም፣ ዛሬ ጠዋት ለፈነዳው ቧንቧ ለሠራተኛው የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው። በብድር የገዛ ሰው ደግሞ ቤቱ ባዶ በሆነበት ወር የባንኩ ቀን አይጠብቀውም። ስለዚህ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ሦስት ወር ተከራይ ባይገኝ ከየት ትከፍላለህ? መልስ ከሌለው፣ ቤቱ ቆንጆ ቢሆንም፣ ጊዜው ገና ነው እለዋለሁ።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

አሁን ወደ ግቢው እንግባ፤ ብዙው ጠብ የሚነሳው እዚያ ነውና። ጠቡ የሚጀምረው ከቆጣሪ ነው።

በብዙ ግቢ አራት አምስት አባወራ በአንድ የመብራት ቆጣሪ ይጠቀማል። ሒሳቡ ሲመጣ አከራዩ ለሰው ያካፍላል። አንዱ «እኔ አምፖል ብቻ ነው ያለኝ» ይላል። ሌላዋ ማክሰኞና ቅዳሜ ምጣድ ትሰካለች። ሦስተኛው ማታ ገብቶ ጠዋት ይወጣል። እኩል ቢካፈል በደል ነው፤ በግምት ቢካፈል ጭቅጭቅ ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። የአንድ ሰው ቤት ብቻውን ቢሆን ዝቅተኛው እርከን ላይ ይቆያል። የአራት ቤት ፍጆታ አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር ግን ከፍ ያለ እርከን ላይ ይደርሳል። አምፖል ብቻ ያለው ተከራይ በጎረቤቱ ምጣድ ምክንያት ውድ መብራት ይከፍላል ማለት ነው። ማንም ሌባ ሳይሆን ደሃው ይጎዳል።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ አስገጠምኩ። ዋናው ቆጣሪ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፤ ትንንሾቹ የእኛ ናቸው። ወር በገባ ቀን አንድ ተከራይና እኔ አብረን እናነባለን፤ ቁጥሩን በር ላይ በተሰቀለ ደብተር እንጽፋለን። የዋናው ቆጣሪ ሒሳብ ሲመጣ ጠቅላላ ክፍያውን ለጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት አካፍለን፣ እያንዳንዱን በተጠቀመው እናባዛለን። አብሮ ማንበቡ ከቆጣሪው ይበልጣል። ደብተሩን ማንም ማየት ይችላል፤ ስለዚህ የሚጠረጠር ሰው የለም።

ምጣዱን በተመለከተ ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ 30 አምፔር ገደማ ይሄዳል። የድሮ ሰርቪስ ክፍሎች ሽቦ የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬዲዮ ነው። ባልቦላው በተቃጠለ ቁጥር መዳብ ጠምጥሞ የሚያስቀጥል ሰው አለ፤ ባልቦላው የተቃጠለው ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እንዳይቃጠል ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ክፍል ከማከራየታችሁ በፊት ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ የሽቦውን ውፍረት አስፈትሹ፤ ለምጣድ ለብቻው መስመር አስዘርጉ፤ እስከዚያው የምጣድ ቀን ተከፋፈሉ። የኮርኒሱ ውኃ ፍራሽ ያበላሻል፤ የሽቦው እሳት ሰው ይበላል።

ውኃ ላይ ስንመጣ፣ በብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። ሌሊት መጥታ ከጎህ በፊት ትሄዳለች። ሮቶ የሌለው ግቢ ውስጥ ማን ነቅቶ ይቀዳል? በማን ጀሪካን? የአከራዩ ሠራተኛ ቀድታ ስትጨርስ ውኃዋ ትቆማለች። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ምድር ቤት ያለው ሰው ሲያገኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ደረቅ ቧንቧ ይከፍታል፤ ግፊቱ ወደ ላይ አይደርስምና። ቤት ልትገዙ ስትሄዱ ደላላው የሚያሳያችሁ ሴራሚኩን ነው። እናንተ ግን የላይኛውን ጎረቤት በር አንኳኩና «ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽንት ቤቱ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ወይም በጉድጓድ የሚሠራ መሆኑንም ጠይቁ። ጉድጓድ ከሆነ በመጨረሻ የተመጠጠው መቼ ነው? መኪናው የሚገባበት መንገድስ አለ? ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም በአንድ ግቢ ሳይጠየቅ መቅረቱ ያመጣውን መዘዝ አይቻለሁ። የፍሳሽ መኪናው ቧንቧ ከመንገድ ግቢው ድረስ አልደረሰም፤ ሦስት አባወራ ለአሥር ቀን በጎረቤት መጸዳጃ ተጠቀመ። ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ የሰው በር ሲያንኳኳ ማየት ያሳፍራል፤ ያፈረው ግን ማፈር የሚገባው አልነበረም።

ኮንዶሚኒየም ያላቸው ሰዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። የላይኛው ፎቅ የሻወር ወለል ሲያሾልክ የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ያብጣል። ከላይ ያለው ተከራይ ነው፣ ከታች ያለውም ተከራይ ነው፣ ሁለቱ ባለቤቶች አይተዋወቁም፤ አንዱ እንዲያውም ውጭ አገር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ቤቱን ለባለቤቱ፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የጋራውን መስመር ለሁሉም ያደርጋል፤ ባለቤቶቹም ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይጠይቃል። ማኅበሩ ጠንካራ በሆነበት ሳይት ፀሐፊው ለሁለቱም ደውሎ በሳምንት ያስጠግናል። ማኅበሩ በስም ብቻ በቀረበት ሻጋታው ዓመት ይሞላዋል። ቤት ስትገዙ ስለዚህ ማኅበሩንም እየገዛችሁ ነው። ወርኃዊ መዋጮውን፣ የጥበቃውንና የጽዳቱን፣ የሚከፍለው ተከራዩ ነው ወይስ ባለቤቱ? ይህን በውሉ ላይ ጻፉት። ያልተጻፈ ነገር ሁሉ በስድስተኛው ወር ይነሳል።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

ውል ካነሳን ወደ ሕጉ እንምጣ። ከኮሮና ወረርሽኝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጀምሮ ኪራይ መጨመርንና ማስለቀቅን የሚከለክሉ ውሳኔዎች በየጊዜው ሲወጡ ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን፣ ቁጥር 1320ን፣ አጸደቀ። ዋና ዋናዎቹን ልበል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው።

በዚህ ሕግ ላይ አከራዮች የሚሉትን ብዙ ሰምቻለሁ። «በገዛ ቤቴ» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በየወሩ ሲወደድ ኪራዩ በዓመት አንዴ መንቀሳቀሱ ያስጨንቃል። ሁለት ዓመት የሚለውን ግን ከልቤ እደግፋለሁ። አንዲት እናት ልጆቿን ትምህርት ቤት አስገብታ፣ ገና ደብተር ሳይሞላ «ልጄ ሊያገባ ነውና ልቀቂ» ስትባል አይቻለሁ። ልጁ አላገባም፤ ቤቱ በወሩ ለሌላ ተከራየ። የሁለት ዓመቱ ውል ለአከራዩም ይጠቅማል። የቅድሙን ወረቀት ተመልከቱት። ባዶ የሚሆነውን ወር፣ ቀለሙን፣ ደላላውን በየዓመቱ ከምትከፍሉ በሁለት ዓመት አንዴ ብትከፍሉ የሚቀርላችሁ ገንዘብ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሕጉ አከራዩን አንድ ነገር ያስገድደዋል፤ የመጀመሪያውን ኪራይ ሲተምን ቁጭ ብሎ እንዲያሰላ። «አሁን ይግባና ቆይቼ እጨምራለሁ» የሚለው መንገድ ተዘግቷል።

ጥገና የማን ነው ለሚለው ጥያቄ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መልስ አለው። በመጠቀም የሚመጡ ጥቃቅን ጥገናዎች በተከራዩ ላይ ናቸው። በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተበላሸው ደግሞ የአከራዩ ነው። የተሰበረ መስታወት የተከራይ፣ የዛገ ቆርቆሮ የአከራይ። በመካከል ያለው ግን ሰፊ ነው። የተደፈነ የእቃ ማጠቢያ ቱቦ የማን ነው? ተከራዩ ሩዝ አፍስሶበት ነው ወይስ ቱቦው በስምንት ዓመቱ ጠቦ? ለዚህ የምመክረው ተከራይ በሚገባበት ቀን አብሮ መዞርን ነው። ቧንቧውን ሁሉ ክፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ንኩ፣ መስኮት ክፈቱና ዝጉ፣ ግድግዳውን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሳይጣላ የሚወጣ ተከራይ የሚገኘው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ተከራይ መምረጥ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። «ልጅ የላትም አይደል?» «ስንት ናችሁ?» «እንግዳ ይመጣባችኋል?» ይባላል። ደላላው ስልክ ላይ «ባልና ሚስት፣ ልጅ የሌላቸው» ብሎ ያስተዋውቃል፤ ልጅ አለመውለድ የተከራይ ሙያ ይመስል። ልጅ ግድግዳ ላይ ይሥላል፣ እውነት ነው፤ ቀለም ይጠፋል። ግን ልጅ ያለው ቤተሰብ ትምህርት ቤት፣ ዕድርና ጎረቤት ስላለው ከሰፈሩ በቀላሉ አይነቅልም። በእኔ ግቢ ረጅም ጊዜ የቆዩት ሁሉ ልጅ ያላቸው ናቸው። እኔ ስለ ልጅ አልጠይቅም። ይልቅ የሚሠራበትን ቦታ፣ ቀድሞ የተከራየበትን ቤት ባለቤት ስልክና ዋስ እጠይቃለሁ፤ ለቀድሞ አከራዩም በእርግጥ እደውላለሁ። በሩ በ3 ሰዓት ይዘጋል የሚል ደንብ ያለበት ግቢም አውቃለሁ። የማታ ፈረቃ የምትሠራ ነርስ እንዴት ትግባ? ኪራይ የከፈለ ሰው ቁልፍ ይገባዋል።

ውጭ አገር ላላችሁ አድማጮች፣ ዋሽንግተንም፣ ሪያድም፣ ዱባይም ሆናችሁ፣ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችሁ በላባችሁ ቤት ገዝታችሁ ወንድም ወይም አክስት እንዲያስተዳድር ትሰጣላችሁ። ውክልናው በኤምባሲ ተፈርሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። ይህን ታውቃላችሁ። የማታደርጉት ሌላው ነው። ውክልናው ውስጥ ማከራየትን ከመሸጥ አልለያችሁም። ለወኪሉ ደመወዝ አልቆረጣችሁም፤ «ወንድሜ አይደል» ብላችሁ። ኪራዩ በእሱ የግል ሒሳብ ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትጠይቁ እሱ ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለእናት ሕክምና አውጥቷል፤ ደረሰኝ የለውም። እሱ ሌባ አይደለም፣ እናንተም ክፉ አይደላችሁም፤ ግን በፋሲካ ስልክ መደዋወል ይቀራል። ለቤቱ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ወኪላችሁን በመቶኛ ክፈሉት፤ የሚከፈለው ሰው ለመጠየቅ አይከብድም። በሦስት ወር አንዴ የአንድ ገጽ ሒሳብና የቤቱን ፎቶ ይላክላችሁ። ይህ ዘመድን አለማመን አይደለም፤ ዘመድን ከጥርጣሬ ማዳን ነው።

ግብሩን በአጭሩ። የኪራይ ገቢ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ነው። ያ አዋጅ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ግለሰብ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹን ለጥገናና ለእርጅና ማካካሻ እንዲቀነስ ፈቅዶ ነበር። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የዘንድሮውን ምጣኔና ተቀናሽ ከወረዳችሁ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ያዙ። አሁን ውሉ ስለሚመዘገብና ክፍያው በባንክ ስለሚያልፍ፣ ሁለት ውል አዘጋጅቶ ዝቅተኛውን ለግብር የማሳየቱ ነገር አደጋው ከበፊቱ በዝቷል። ትክክልም አልነበረም። በየወሩ ከሚገባው ላይ የግብሩን ድርሻ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ያኔ ሐምሌ ሲመጣ የሚያስጨንቃችሁ ጣሪያው ብቻ ይሆናል።

የጣሪያው ነገር ከተነሳ፣ በእኔ ግቢ ደብተር ላይ ሁለት ቀኖች በቀይ ተጽፈዋል። አንደኛው ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮ፣ አሸንዳና የጎርፍ መውረጃ ይፈተሻል። ሁለተኛው ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ክረምቱ ያበላሸው ይጠገናል። የመጀመሪያው ዓመት የዘነጋሁት ይህን ነበር።

ያን ሌሊት የደወለችልኝ ልጅ በእኔ ግቢ ሰባት ዓመት ኖረች። እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። ባለፈው ጥር የራሳቸውን ቤት ሠርተው ለቀቁ። በመጨረሻው ቀን ሦስታችን፣ እሷ፣ ባሏና እኔ፣ የገባችበትን ቀን ወረቀት ይዘን ክፍሉን ዞርን። የውስጥ ቆጣሪውን አነበብን። ቅድሚያ ከያዝኩላት ገንዘብ የመብራት ሒሳቡን ቀንሼ ቀሪውን በስልኳ ላክሁላት፤ ሳትወጣ መድረሱን አየች። ግድግዳው ላይ ልጇ በከሰል የሣለው ዶሮ አለ። «እትዬ፣ ለቀለሙ ልጨምር?» አለችኝ። ቀለሙ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የእኔ ነው አልኳት።

ክፍሉ አሥራ አንድ ቀን ባዶ ቆየ። አዲሱ ተከራይ ሊያይ ሲመጣ ከበሩ እንደገባ አንገቱን ቀና አድርጎ ኮርኒሱን ተመለከተና «ክረምት ያፈሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩን አውጥቼ የሚያዝያንና የጥቅምትን ገጽ አሳየሁት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)